ሐጂ ኑርዬ ያልመቷቸው ዲስኮች

ደጋው አልቆ ቆላው ቁልቁል በሚታይበት አፋፍ ላይ አንዲት የቆየች የንግድ ከተማ አለች። ስሟን አልጠራም፤ ሰዎቹ በሕይወት አሉ፣ ይህን ጽሑፍ የሚያነቡም አይጠፉም። ከመስጊዷ ፊት ለፊት፣ ድሮ የጨው ነጋዴዎች ግመሎቻቸውን ያሳርፉበት በነበረው ረድፍ፣ ሐጂ ኑርዬ የሚባሉ ሽማግሌ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ። በዚያው ቤት አባታቸው ጨው ሸጠውበታል። ሐጂ ሥራውን ከጨው ወደ ፍሬንና ወደ ኩሽኔታ ቢያዞሩትም የአባታቸውን ሚዛን አልጣሉትም፤ ዛሬም ብረት ይመዝኑበታል።

ከከተማዋ ወደ ቆላው የሚወስደው መንገድ አሥራ ሰባት ጠመዝማዛ አለው። የዚያ አገር ሾፌር ሞተሩ ቢበላሽበት ራሱ ያዝናል፤ ፍሬኑ ቢበላሽበት ግን የሚያዝኑት ሌሎች ናቸው። ስለዚህ በዚያች ከተማ ሁለት ሾፌሮች ቆመው ሲያወሩ ካያችሁ፣ ወሬው ወይ ስለ ፍሬን ነው፣ ወይ ወደ ፍሬን እየሄደ ነው።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የፍሬን ዲስክ ከጎማው ጀርባ ሆኖ አብሮ የሚሽከረከር ክብ ብረት ነው። ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ የፍሬን ሸራው ከሁለት ወገን ያንቀዋል፣ መኪናውም ይቆማል። በገበያው ሁለት ዓይነት አለ። አንዱን መኪናውን የሠራው ፋብሪካ በራሱ ስም አሽጎ ይልከዋል፤ ሰዉ ኦርጅናል ይለዋል። ሌላውን ሌሎች ፋብሪካዎች በዚያው ልክ ያወጡታል፤ ይህን ደግሞ ሰዉ ኮፒ ይለዋል፣ ሲለውም አፍንጫውን እየነፋ ነው።

ሐጂ ኑርዬ ኮፒ የሚለውን ቃል በሱቃቸው አይወዱትም። «የሠራው ሰው ስሙን ጽፎበታል፤ የሌላ ሠሪ በሉት» ይላሉ። ደንበኛ ሲመጣ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። በአባታቸው ሚዛን ክብደታቸውን፣ በመለኪያ ውፍረታቸውን ያሳያሉ። በሁለቱ ገጾች መካከል ያለውን የአየር መተላለፊያ ደንበኛው በጣቱ እንዲቆጥር ያደርጉታል። ከዚያ በኋላ ነው ምክራቸው። «ከቤትህ እስከ ሱቅህ የምትመላለስ ከሆነ ይኸኛው ይበቃሃል፤ የተረፈህን ለልጆችህ አድርግበት። ሰው ጭነህ ቁልቁለቱን የምትወርድ ከሆነ ግን የፋብሪካው ወፈር ይላል፣ ሙቀት ይችላል፣ ቶሎ አይጣመምም።» ከሌሎቹ ሠሪዎች መካከል የትኛው ከፋብሪካው እኩል እንደሚሄድ፣ የትኛው በስድስት ወር እንደሚያልቅም አይደብቁም። ዐይብ፣ ማለት ጉድለት፣ ያለበትን ዕቃ ዐይቡን ሳይናገሩ ሸጠው አያውቁም።

አንድ ሌላ ልማድም ነበራቸው። ከሱቁ ጣሪያ አንድ ገመድ ተንጠልጥሏል። የሌላ ሠሪ ዲስክ ሲሸጡ በገመዱ ይሰቅሉትና «ቢስሚላህ» ብለው በመፍቻ ይመቱታል። ደህና ከሆነ እንደ ተማሪ ቤት ደወል ይጮሃል፣ ድምፁም ቶሎ አይጠፋም። ስንጥቅ ካለበት ይታፈናል። እንዲህ ታፍኖ የተገኘ ዲስክ ለደንበኛ ተሰጥቶ አያውቅም፤ ቀጥታ ለቁርጥራጭ ብረት ገዥ ይሄዳል።

የፋብሪካውን ግን አይመቱም ነበር። ታሽጎ ይመጣል፣ ታሽጎ ይሄዳል። ፋብሪካው ራሱ ፈትሾታል ተብሎ ይታመናል፤ ሳጥኑን መክፈት እንኳ እንደ ነውር ይቆጠራል። ሐጂ ኑርዬ በዚህ መልክ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርተዋል፣ ማንም አልከሰሳቸውም።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሙዘሚል የሚባል የግንባታ ተቋራጭ ወደ ሱቁ መጣ። ሙዘሚል ለመኪናው የፋብሪካ ዲስክ ሲፈልግ ወር አልፎታል፤ በከተማው ያልጠየቀው ሰው የለም። በሐጂ ሱቅ ከጥቂት ቀን በፊት ሁለት ጥንድ ገብቶ ነበር። አንደኛውን ጥንድ ጦሃ የሚባል የሚኒባስ ሾፌር ሁለት ወር ጠብቆ ትናንት ወስዶታል። የቀረው አንድ ጥንድ ነው። ሐጂ ሳጥኑን አውርደው ሊሰጡት ሲሉ ሙዘሚል ገመዱን አየና ሳቀ።

«ሐጂ፣ የሚገርፉት ድሃውን ብቻ ነው እንዴ? ባለስሙን አንድ ቀን እንኳ ሲመቱት አላየሁም» አላቸው።

ሐጂም ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። ሳጥኑን ከፈቱ፣ የመጀመሪያውን ዲስክ ሰቀሉ፣ መቱት። ጥርት ብሎ ጮኸ። ሁለተኛውን ሰቀሉ፣ መቱት። እንደ እንጨት ድው አለ። ገመዱን አስተካክለው ደገሙት፤ ያው ነው።

በዓይን የሚታይ ነገር አልነበረም። ሐጂ ዲስኩን በላምባ አሹት፣ ጠረጉት፣ ጠመኔ ደቁሰው ነሰነሱበት። ጥቂት እንደቆዩ ነጩ ዱቄት ላምባውን ከውስጥ እየመጠጠ አንዲት ቀጭን ጥቁር መስመር አወጣ። ከመሐል ቀዳዳው ተነሥታ ወደ ዳር ትሄዳለች። ከፋብሪካው ይሁን፣ በመንገድ ወድቆ ይሁን አላህ ይወቅ።

«ሱብሃነላህ» አለ ሙዘሚል።

ሐጂ ኑርዬ ግን በሐሳባቸው የሚያዩት ያንን ዲስክ አልነበረም። አብሮት የመጣውን፣ ትናንት ሳይከፍቱ ለጦሃ የሰጡትን ሳጥን ነበር የሚያዩት። ጦሃ ዲስኮቹን ትናንትናውኑ አስገጥሟል። ዛሬ ደግሞ ወደ ቆላ ኒካህ የሚሄዱ ሰዎችን ጭኖ ከዙህር ሰላት በፊት እንደሚወርድ ነግሯቸዋል። አሥራ አራት ሰው ነው።

«ሙዘሚል፣ መናኸሪያ አድርሰኝ» አሉት። ከመደርደሪያው ጥሩ የሌላ ሠሪ ዲስክ ሁለት አወረዱ፣ ሁለቱንም መትተው ድምፃቸውን ሰሙ፣ ገመዱን ከጣሪያው ፈትተው ኪሳቸው ከተቱ። የሱቁን በር ገርበብ አድርገው ወጡ።

ሚኒባሱ ሞልቶ ሞተሩ ተነሥቶ ደረሱበት። ሴቶቹ ለሙሽራዋ የሚወስዱትን ጭነው አንድ ሁለቴ እልል ብለዋል። ሐጂ ዲስኮቹን በክንዳቸው እንደታቀፉ ወደ ሾፌሩ መስኮት ሄዱ።

«አሰላሙ ዐለይኩም ጦሃ። ሞተሩን አጥፋልኝ።»

«ወዐለይኩም ሰላም ሐጂ። ምነው፣ በደህና?»

«ትናንት የሸጥኩልህን ዲስክ አስፈታና መልስልኝ። በምትኩ እነዚህን ግጠም።»

ጦሃ የታቀፉትን አየ። «እነዚህ እኮ ኦርጅናል አይደሉም።»

«አይደሉም።»

«ለቁልቁለቱ ኦርጅናሉ ይሻልሃል ብለው ሁለት ወር ያስጠበቁኝ አንቱ ነዎት።»

«እኔ ነኝ። ዛሬ ግን ከአንተ ዲስኮች ጋር ከመጣው ጥንድ አንዱ ተሰንጥቆ ተገኘ። የአንተን ሳልመታ ነው የሰጠሁህ። ደህና ይሁን አይሁን አላውቅም።»

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልናገር። እውነት አንዳንድ ጊዜ መልኳ አያምርም። ጦሃ ከሐጂ ትከሻ ወዲያ ሲመለከት ያየው የሙዘሚልን መኪና ነው፤ ሙዘሚልም ከነመነጽሩ መሪው ላይ ተቀምጧል። ወር ሙሉ ይህንኑ ዲስክ ሲፈልግ የነበረው ሰው! በጦሃ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። እኔ ብሆን እሱ ከተናገረው የባሰ እናገር ነበር።

«ሐጂ፣ አንቱ አባቴ ነዎት፣ አከብርዎታለሁ» አለ ጦሃ። ድምፁን ዝቅ አላደረገም፣ ተሳፋሪው ሁሉ ሰማ። «ግን አቶ ሙዘሚል ይህን ዲስክ ሲፈልጉ እንደከረሙ ከተማው ያውቃል። ዛሬ በሳቸው መኪና መጥተው ኦርጅናሌን ፍታና ኮፒ ግጠም ይሉኛል። ባለገንዘብ ሲመጣ የድሃ ዕቃ ይሰነጠቃል ማለት ነው?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሙዘሚል ከመኪናው ወርዶ «እኔ ዲስኩን አልፈልገውም!» አለ። ይህም ነገሩን አባሰው እንጂ አልጠቀመም።

ሐጂ ኑርዬ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። አታላይ ተብለው አያውቁም፤ ያውም በመናኸሪያ፣ ያውም እውነት በተናገሩበት ቀን። ጦሃ በኋላ እንደነገረኝ ፊታቸው አመድ መሰለ። በለሆሳስ ኢስቲግፋር አድርገው የአላህን ምሕረት ለመኑ። ከዚያ የመለሱለት መልስ ጦሃ ያልጠበቀው ነበር።

«መጠርጠርህ ልክ ነው። እኔም ብሆን እጠረጥር ነበር።»

«እንግዲያው ይተዉኝ ሐጂ። ሰው ኒካህ ይረፍድበታል። በአላህ ተወኩል አድርጌ እወርዳለሁ።»

«ተወኩል የምትችለውን ካደረግክ በኋላ ነው፤ አንተ ገና ዲስኩን አላየህም» አሉና ዲስኮቹን መሬት አስቀመጡ። መኪናውን ዞረው የጋቢናውን በር ከፈቱ። ጋቢና የተቀመጡትን ሁለት ወጣቶች «ልጆቼ፣ ቦታ ልቀቁልኝ» አሏቸው። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረው ለተሳፋሪው ተናገሩ። «እናንተ ከመኪናው ውረዱና እዚህ ጠብቁ። እኔና ጦሃ ቁልቁለቱን ወርደን እንመለሳለን። በሰላም ከተመለስን ይወስዳችኋል፣ እኔም ሁለተኛ ቃል አልናገርም።»

መጀመሪያ የወረዱት የሙሽራዋ አክስት እትዬ ሰዕዲያ ናቸው። የሙሽራዋን ጥቅል ደረታቸው ላይ አድርገው «እኔ ወርጃለሁ። ኒካሁ ያለ እኔም ይታሰራል» አሉ። እሳቸው ከወረዱ ማን ይቀመጣል? በየተራ ሁሉም ወረደ።

ሐጂ ኑርዬ ጋቢናው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። በሩን ዘጉ፣ ቀበቶውን ሳቡና አሰሩ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የመንገድ ዱዓ ማድረግ ጀመሩ። አንዳንድ ወንድሞች ይህን ስነግራቸው «ሰው ነፍሱን ለአደጋ ማጋለጥ ይፈቀድለታል ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው የፊቅህ፣ የሃይማኖት ሕግ ጥያቄ ነው፣ ተገቢም ነው። ጦሃ እንደማይነዳ ገምተው ይሆናል፤ አልገመቱም ይሆናል። አልጠየቅኳቸውም።

ጦሃ እጁን ማርሹ ላይ አድርጎ አያቸው። ዱዓቸውን አላቋረጡም፣ ወደሱም አልዞሩም። «ዲስኬን ሊወስድብኝ የፈለገ ሰው» አለኝ ሲነግረኝ፣ «በዲስኩ አብሮኝ ቁልቁለት አይወርድም።» ሞተሩን አጠፋው።

ከመናኸሪያው አጥር ሥር የመካኒኩ የዙበይር ጋራዥ አለ። መኪናው ተነሣ፣ የፊት ጎማዎቹ ወለቁ፣ ዲስኮቹ ተፈቱ። ሐጂ ገመዳቸውን ከኪሳቸው አውጥተው በጋራዡ ማንሻ ብረት ላይ አሰሩት። ከተሳፋሪው የቀረ የለም፣ ሁሉም ከብቦ ቆሟል። እልል የሚል ግን የለም።

የመጀመሪያው ዲስክ ተሰቀለ። ቢስሚላህ ብለው መቱት። ጮኸ፣ ቆየ።

ሁለተኛው ተሰቀለ። መቱት። ጮኸ፣ ቆየ።

ሐጂ አላመኑም። ላምባ አስመጥተው አሹት፣ ጠረጉት፣ ጠመኔ ነሰነሱበት። ሰዉ ጎንበስ ብሎ ጠበቀ። ነጩ ዱቄት ነጭ እንደሆነ ቀረ። አገላብጠው ደገሙት፣ ሌላውንም እንዲሁ አደረጉት። ሁለቱም ንጹሕ ናቸው።

መጀመሪያ የሳቀው ዙበይር ነው። ከዚያ ሙዘሚል፣ ከዚያ ሌላው ሁሉ። ጦሃ ግን ይሳቅ ይቆጣ አላወቀም። «ሐጂ፣ ደህና ናቸው እኮ!» አላቸው። «ሰው ወረደ፣ ቀን ሄደ፣ እኔም አንቱን በሰው ፊት ተናገርኩ። ይህ ሁሉ በደህና ዲስክ!»

ሐጂ ኑርዬ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ሻላቸውን መሬቱ ላይ ጣል አድርገው ለምስጋና ሱጁድ ወረዱ። ሻሉ ቀጭን ስለነበረ ሲነሡ የጋራዡ ዘይት ግንባራቸው ላይ ወጥቷል። አልጠረጉትም፣ ያወቁትም አይመስልም። እየሳቁ ነበር።

«አውፍ ይበሉኝ ሐጂ፣ ክፉ ተናግሬያለሁ» አለ ጦሃ።

«አውፍ የምጠይቅህስ እኔ ነኝ። ትናንት መትቼ ብሰጥህ ዛሬ አትናገረኝም ነበር።»

ጦሃ መሬት የተቀመጡትን አራት ዲስኮች አየ። ሁለቱ የፋብሪካው፣ ሁለቱ የሌላ ሠሪ። «ታዲያ የትኛውን ልግጠም?»

«የወደድከውን። ዛሬ አራቱንም አውቃቸዋለሁ። ለቁልቁለቱ ግን አሁንም የምመክርህ የፋብሪካውን ነው።»

«ያንኑ የፈታሁትን?»

«ያንኑ።»

«እሺ ይህ ሁሉ ድካም ለምን ነበር ታዲያ?»

ሐጂ ገመዳቸውን እየጠቀለሉ መለሱለት። «ትናንት የሸጥኩልህ ስሙን ነበር። ዲስኩን የሸጥኩልህ ዛሬ ነው።»

ዙበይር ያንኑ ጥንድ መልሶ ገጠመው። ተሳፋሪው ተሳፈረ፣ እትዬ ሰዕዲያም በመጨረሻ ገቡ። ኒካሁ ጠብቋቸው ከዐስር ሰላት በኋላ ታሰረ። ሙዘሚል ያለ ዲስክ ቀርቶ ሌላ ወር ጠበቀ። ያ የተሰነጠቀው ዲስክ ዛሬም በሐጂ ሱቅ በገመድ ተሰቅሏል። ማንም ደንበኛ፣ የፈለገው ኦርጅናል ይሁን የሌላ ሠሪ፣ መጀመሪያ እሱን ይሰማል፣ ከዚያ የሚገዛውን ይሰማል። የፋብሪካው ምልክት አልተፋቀም፣ እንዳለ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እኛ ታማኝነት ስንል ብዙ ጊዜ አለመዋሸት ማለታችን ነው። ሐጂ ኑርዬ አልዋሹም ነበር። ሰኞ ዕለት ለጦሃ የነገሩት አንድም ሐሰት አልነበረበትም፤ ዲስኩም ደህና ነበር። ግን ሳያዩት መስክረውለታል። አማናቸውን የፈተነው ውሸት ሳይሆን የታሸገ ሳጥን ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ውስጡን እርጥብ ሆኖ እንዳገኙት የሚናገረውን ሐዲስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ ያንን ሐዲስ ሳነብ ሁልጊዜ የምመለከተው እርጥቡን ከሥር የደበቀውን ነጋዴ ነበር። አሁን ግን የምመለከተው የነቢያችንን እጅ ነው። ከላይ ደረቅ መስሎ ከታየው ክምር ውስጥ እጅ ማስገባት ያስፈልግ ነበር።

አሁን የራሴን ልናገር፤ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም ለዚህ ነው። የሐጂ ኑርዬን ታሪክ መጀመሪያ የሰማሁት ከአንድ የተከበሩ ሰው ነው። በሳቸው አነጋገር የጦሃ ዲስኮች ሲፈቱ ሁለቱም ተሰንጥቀው ተገኙ፣ አሥራ አራት ነፍስም ከሞት ተረፈ። እንዴት ያምራል! ሰውየው ትልቅ ስም ስላላቸው ሁለተኛ አልጠየቅኩም። ባለፈው ወር በጁምዓ ስብከቴ፣ በኹጥባዬ ላይ እንደሰማሁት ተናገርኩት፤ ከሰጋጁ መካከል ያለቀሱ ነበሩ፣ እኔም በማልቀሳቸው ደስ ብሎኝ ነበር።

ከሰላት በኋላ ሰው ሁሉ ሲወጣ አንድ ጎልማሳ ከሦስተኛው ረድፍ ተነሥቶ ወደ እኔ መጣ። ለጉዳይ ወደ እኛ ከተማ የመጣ ሾፌር ነበር። ሰላምታ ሰጠኝና ጎን ለጎን ተቀመጥን። «ሼኽ፣ ጦሃ እኔ ነኝ» አለኝ። «ዲስኮቹ እኮ ደህና ነበሩ። ዛሬም መኪናዬ ላይ ናቸው።»

ከዚያ እናንተ አሁን ያነበባችሁትን አንድ በአንድ ነገረኝ። አልወቀሰኝም። እኔ ግን ለዚያ ሁሉ ሰጋጅ ታሪኩን ሳልመታ ሸጬለት ነበር። በቀጣዩ ጁምዓ ሚንበር ላይ ወጥቼ አስተካከልኩት፤ ያን ዕለት ያለቀሰ የለም። በቀደመው ጁምዓ የነበሩ፣ በዚህኛው ያልተገኙም ብዙ ናቸው። ከእነሱ አንዱ ከሆንክ፣ ያ ኹጥባ አንተ ጋ ነው ያለው፤ ፍታና መልስልኝ፣ በምትኩ ይህን ግጠም።